አስራ አንደኛው ቀሚስ

የሰደበው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ የት ቆሞ እንደሆነ፣ አንዱም አልጠፋውም። ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ቦታው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው፣ መስኮቱ አንድ መስታወት የጎደለው ክፍል። ሰዳቢው የጥምቀት ትምህርት አስተማሪው ነው። ልጆቹ «ማርከር» ይሉታል፤ ሰማያዊ ማርከር ከእጁ አይለይም፣ ሲጸልይ እንኳን ይዞት ነው የሚጸልየው።

ማርከር አስራ አንዱን ተማሪዎች በየተራ እያስነሳ ይጠይቅ ነበር። «ከጌታ ጋር ያለህ የግል ግንኙነት ምን ይመስላል? ባጭሩ።» ሰባቱ መለሱ። ግማሾቹ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጥቅስ እያዩ ነው፤ ቢሆንም መለሱ። ስምንተኛው እሱ ነበር። በአስራ አምስት ዓመት ዕድሜው ስለዚህ ነገር ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«ጥሩ ነው» አለ።

ክፍሉ ሳቀ። ቀድማ የሳቀችው ከፊት የተቀመጠችው ኪቦርድ ተጫዋቿ ናት። እሷንም አልረሳትም።

«ጥሩ ነው?» አለ ማርከር። «ስለ አየሩ ጠየቅኩህ እንዴ?» ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያዘነለት መስሎ፣ «የአንተ ችግር ምን መሰለህ፣ እግዚአብሔርን የምታውቀው በእናትህ በኩል ነው። እሷ አጥባ ተኩሳ ላከችህ፣ አንተም መጣህ። ከዚያ ውጪ ምንም የለህም» አለው።

እናቱ የሰው ልብስ አጥባ ተኩሳ ነው የምታድረው። ይህን የማያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ካውያ» ሆኖ ቀረ።

ሰው ጮሆ ቢሰድብህ ትረሳዋለህ። አዝኖልህ ሲሰድብህ ግን ኮሌታ ላይ እንደ ደረቀ ቀለም ነው፤ የትኛውም ሳሙና አያስለቅቀውም። ካውያ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ኮሌታ ሲያሽ ነው ያደገው።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ትምህርቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ሦስት ሰዎች ፊት ይቀርባል። አንዱ ማርከር ነው። ሁለተኛው ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሦስተኛዋ ብዙ ሕፃናት ያዋለዱት አዋላጅ ናቸው፤ ከተማሪዎቹ ግማሾቹን በእጃቸው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ተማሪው ምስክርነቱን ይናገራል። ሦስቱም ከፈረሙለት በማግስቱ እሁድ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይጠመቃል። አንዱ እንኳን ካልፈረመ ወደሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል። የሚቀጥለው ዙር ደግሞ የዓመት ሰው ይበለን ነው።

ማርከር ለዚህ ዘዴ ነበረው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን ይስላል። «ሳጥን አንድ፣ ጌታን ሳላውቅ። ሳጥን ሁለት፣ ያገኘሁበት ቀን። ሳጥን ሦስት፣ ከዚያ ወዲህ። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም። ቤታችሁ መስታወት ፊት ቆማችሁ ተለማመዱ።» ሁለተኛውን ሳጥን በማርከሩ ሁለት ጊዜ ያከብበዋል። «ዋናው ይሄ ነው። ይሄ ባዶ ከሆነ እኔ ዘንድ አትምጡ።»

እናም አስራ አንዱ ልጆች ሳጥን ሁለት የሚሞላ ታሪክ ፍለጋ ወጡ። አንዱ በሕፃንነቱ በጠና ታሞ በተአምር እንደ ዳነ ሰምቶ ስለነበር አያቱን ሄዶ ጠየቀ። ጉንፋን ብቻ እንደነበረ ሲነግሩት ሦስት ቀን አኮረፈ።

ካውያ ግን አልፈለገም። እሱ ታሪክ ነበረው። ችግሩ ታሪኩ ሳጥን ውስጥ የሚገባ አለመሆኑ ነው።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ የእናቱ ሱቅ ጓዳ ገብቶ እስከ ምሽት ድረስ ይተኩሳል። ጓዳው ጠባብ ነው፤ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ የውሃ መርጫው፣ በየመስቀያው የተንጠለጠሉ የሰው ሸሚዞች፣ በየኮሌታቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዙ የቁጥር ወረቀቶች። እናቱ ከፊት ደንበኛ ታስተናግዳለች። እሱ እዚያ ብቻውን ሲሆን ያወራል። ከአምናው ጀምሮ ነው። የሚያወራው ከእግዚአብሔር ጋር ነው፤ ወሬው ግን ጸሎት አይመስልም። እጁን አያጋጥም፣ ዓይኑን አይጨፍንም። ከጨፈነማ እጁን ይተኩሰዋል። «አባታችን» ብሎም አይጀምርም። «ስማ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በዚያ ቀን ማን ምን እንዳለው፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ አንድ በአንድ ይናገራል። ሸሚዙ ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል።

ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እስከ ሐሙስ ድረስ።

ሐሙስ ዕለት ሎጋው መጣ። ሎጋው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛው ነው። ቁመቱ የሱቁን በር ሊነካ ምንም አይቀረው። አባቱ መካኒክ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የመዘምራን ኃላፊ። ሎጋው አምና ለፈተና ቀርቦ አልተፈረመለትም ነበር። ሁለት ደቂቃ ተናግሮ አፉ ተሳሰረ።

«በቃ፣ ጉዴ ፈላ» አለ፣ የታጠፉ አንሶላዎች ላይ እየተቀመጠ። «ሳጥን ሁለት ባዶ ነው። ኦና።»

«ከአንሶላው ላይ ተነሳ፤ እናቴ ታርድሃለች።»

ተነሳና የውሃው በርሜል ላይ ተቀመጠ። «አባዬ ዘንድሮ ካልተጠመቅህ መድረክ ላይ አልወጣም ብሏል። ‹የራሴን ልጅ ሳላስተምር ማንን ነው የማዘምረው› ይላል። አንተ ምን ልትል ነው?»

ካውያ የአንድ ሸሚዝ እጅጌ ዘርግቶ ውሃ ረጨበት። ለምን እንደነገረው በኋላ ሲያስበው ሊገባው አልቻለም። ምናልባት ማርከር «ምንም የለህም» ያለውን አንድ ሰው እንዲያፈርስለት ፈልጎ ይሆናል።

«ፋርማሲስቱን ታውቀው የለ? ባለ መነጽሩን» አለ።

«እናትህን የሰደባትን?»

«አዎ። ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ሁለት ደንበኞች ቆመው እየሰሙ። ‹አንቺ ዘንድ ቁልፍ እንኳን ይሰረቃል› አላት። የሸሚዙ ቁልፍ ጠፍቶ። ቁልፉ ሳምንት ሳይቆይ መኪናው ወንበር ስር ተገኘ። ሠራተኛው ናት የነገረችን። ይቅርታ ግን አላለም። እንደገና ሸሚዙን ላከ።»

«እሺ።»

«ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ውድ። እናቴ የሱ መሆኑን ስላላወቀች እኔ ጋ አስገባችው። ካውያውን እስከ መጨረሻው አጋልኩት። ሸሚዙን ጀርባውን ዘረጋሁት። ከዚያ…» ድምፁን ቀነሰ። «እኔ ስተኩስ አወራለሁ። ከእግዚአብሔር ጋር። እንዳትስቅ።»

«አልሳቅኩም።»

«‹ስማ፣ አሁን ላቃጥለው ነው› አልኩት። ‹ከልክለኝ› አላልኩም፤ ልነግረው ብቻ ነው። ከዚያ ሰውዬው ያደረገውን ሁሉ ተናገርኩ። እናቴ ያን ቀን ምሳ አለመብላቷን። ሁሉንም። ድምፅ አልሰማሁም፣ ምንም አልታየኝም። ግን… እንዴት ልበልህ። አንድ ሰው እስክጨርስ እየጠበቀኝ ነበር። አልቸኮለም። እኔን ደግሞ እስክጨርስ ጠብቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ወይ ይስቃሉ፣ ወይ ‹በቃ ተወው› ይላሉ። እሱ ጠበቀ። ስጨርስ ካውያው እጄ ላይ ነበር። ሸሚዙን በደንብ ተኮስኩት። ኮሌታውን ሳይቀር።»

ከፊት የእናትየው ድምፅ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ እድፍ ሲከራከር ይሰማል።

«ይሄን ነው የምትነግራቸው?»

«እንጃ። ሳጥኑ ውስጥ ከገባልኝ።»

«ይገባል» አለ ሎጋው፣ መሬት መሬት እያየ። «ቆንጆ ነው።»

ቅዳሜ ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አስራ አንዱ ተጨናንቀው ተቀመጡበት። የፈተናው ክፍል በር ከታች አብጦ ገጥሞ አይዘጋም። የገባው ሰው የሚናገረው ለሁሉም ባይሆን፣ ለበሩ ቅርብ ለሆነው ይሰማል። ልጆቹ ወረፋ ይዘው ስለሚቀመጡ፣ ለበሩ ቅርብ የሚሆነው ሁልጊዜ ተረኛው ነው።

የካውያ እናት በማለዳ አስነስታ፣ ያለውን ምርጥ ሸሚዝ አስለብሳው ነበር። «እሁድ ጠዋት ሱቁን እዘጋለሁ» አለችው፤ ስትታመም እንኳን ዘግታው የማታውቀውን ሱቅ። «በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። የኔ አባት፣ ከውሃው ስትወጣ ፎጣ ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ።»

ስምንት ልጆች ገብተው ወጡ። ዘጠነኛው ሎጋው ነው። ካውያ አስረኛ ነው፤ እሱም ወደ በሩ ተጠጋ።

መጀመሪያ የሎጋው ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ አባቱ ጋራዥ ተናገረ። ከዚያ፣ «አንድ ደንበኛ አባቴን ሰው ፊት ሌባ ብሎ ሰደበው። የጎማ መፍቻ ሰረቅህ ብሎ። መፍቻው በኋላ ከራሱ መኪና ወንበር ስር ተገኘ» አለ።

ካውያ ጀርባው ቀጥ አለ።

«መኪናውን ደግሞ አመጣው። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ሚስማር ያዝኩ። ቀለሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልቧጥረው። ለእግዚአብሔር ‹ስማ፣ አሁን ልቧጥረው ነው› አልኩት። ያደረገውን ሁሉ ነገርኩት። ድምፅ አልሰማሁም። ግን አንድ ሰው እስክጨርስ እየጠበቀኝ ነበር።»

ወንበር ተንቋቋ። ቀጥሎ የማርከር ድምፅ፣ «ጌታ ይባረክ። እውነተኛ ሳጥን ሁለት ማለት ይሄ ነው። አያችሁ?» አለ። አዋላጇ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ተሰማ።

ካውያ ጆሮው ጋለ። አጠገቡ የተቀመጠችው ኪቦርድ ተጫዋቿ፣ «ምን ሆንክ? ፊትህ ቲማቲም መሰለ» አለችው። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በሆዱ፣ መናገር ጀመረ። ስማ። ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሩብ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ዳቦዬን የተካፈለው…

በሩ ተከፈተና ሎጋው ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ካውያን ሲያየው በሩን አየ፣ ከበሩ ወደ ካውያ። እንደሰማው ገባው።

ካውያ ክንዱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰደው።

«ምን አደረግክ?»

«ቀስ በል፣ ይሰማሉ።»

«ይስሙዋ። ‹ስማ› እንኳን ሳትቀይር? እኔ ምን ልበል አሁን? እንደዚያው ብናገር ከአንተ ሰረቀ ነው የሚሉኝ።»

ሎጋው ግድግዳው ላይ ተደገፈ። እንዲያ ረዝሞ፣ ያኔ አጭር መሰለ። «አንተ ሌላ አታጣም» አለ። «በየቀኑ ነው የምታወራው። እኔ ሞክሬያለሁ። ካንተ ከሰማሁ በኋላ ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ፣ ዛሬ ጠዋት። መኪና ስር ተኝቼ ‹ስማ› አልኩ። ማንም የለም። ገባህ? ባዶ ጋራዥ። አንተ ስትነግረው የሚጠብቅ አለህ፤ እኔ የለኝም። ታዲያ እነሱ ፊት ምን ልበል?»

«ያንን ነበር ማለት።»

«ያንን ብል ይፈርማሉ?»

እንደማይፈርሙ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ከነገርክብኝ» አለ ሎጋው፣ «አባዬ…» አልጨረሰውም። ከክፍሉ የማርከር ድምፅ «ቀጣይ» አለ።

ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት፣ ሦስት እስክሪብቶ አለ። ሰዓት ሠሪው የአንድ ዓይን ማጉያቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነው የመጡት፤ ከሥራ ነው። አዋላጇ መሐረባቸውን ያጥፋሉ። ማርከር ማርከሩን ጠረጴዛው ላይ ያንከባልላል።

«እሺ፣ እንስማህ» አለ። «ሳጥን አንድ።»

ካውያ አፉን ከፈተ። ሸሚዙ፣ የጋለው ካውያ፣ ፋርማሲስቱ፣ ሁሉም ምላሱ ላይ ናቸው። አንዱንም ማውጣት አይቻልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አለች፤ «ቅድም የሰማችሁት የኔ ነው» የምትል። ማርከር ሎጋውን ይጠራል፤ ሎጋው ሲዋሽ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ወዲያው ይታወቃል። ሎጋው አለቀለት፣ ካውያ ተፈረመለት፣ እናቱ ፎጣ ይዛ ቆመች። ይህን ያህል አጭር ነበረች ዓረፍተ ነገሯ።

«ጊዜ እየሄደ ነው» አለ ማርከር።

«አንተ ልጅ» አሉ ሰዓት ሠሪው፣ «ከገባህ ጀምሮ በሩን ነው የምታየው። ምን አለ እዚያ?»

«ምንም ጋሼ።»

«ተናደሃል።»

«አዎ።»

«በማን?»

ካውያ ጫማውን አየ። «በሰው።»

«ለሰውዬው ነገርከው?»

«ጥቂት። አልጨረስኩም።»

«ለሌላስ ለማን ነገርክ?»

ማርከር እስክሪብቶውን አነሳ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሳጥን አንድ ላይ ነን እኮ።» ሰዓት ሠሪው እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ድምፁ አልሰማ እንዳላቸው ሰዓት ጆሯቸውን ወደ ልጁ አዘነበሉ።

«ኮሪደር ላይ ሆኜ ለእግዚአብሔር እየነገርኩት ነበር» አለ ካውያ። «ሳልጨርስ ጠራችሁኝ።»

አዋላጇ መሐረባቸውን ማጠፍ አቆሙ።

«ምን እያልክ?» አሉ።

«ማን ምን እንዳደረገኝ። በስንት ሰዓት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«ምንም አይለኝም እትዬ። ምንም ብሎኝ አያውቅም። ግን አይሄድም።» ከዚህ በላይ ቢናገር የሎጋው ቃል ውስጥ ሊገባ ነው፤ የራሱ ቃል የሰው ሆኖበታል። ቆመ።

ማርከር ጠበቀ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ይሄ ምስክርነት አይደለም። ይሄ ስሞታ ነው። ሰው የተሰደበውን እየቆጠረ ‹ከጌታ ጋር ግንኙነት አለኝ› አይልም። ያገኘህበት ቀን የታለ? የተለወጠው ነገር የታለ?»

የተለወጠው ነገርማ ፋርማሲስቱ ለብሶት ይዞራል።

«ሰውዬው ማነው?» አሉ ሰዓት ሠሪው ድንገት። «ያስቀየመህ። ስሙን ብትነግረን ምናልባት እናስታርቃችሁ ይሆናል።»

ካውያ ቀና አለ። በበሩ ስንጥቅ የሚታየው የሎጋው ጫማ ነው፤ የግራው ክር እንደ ሁልጊዜው ተፈትቷል።

«ለእናንተ አይደለም የምነግረው ጋሼ» አለ።

ሰዓት ሠሪው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እስክሪብቶአቸውን አንስተው ፈረሙ። አዋላጇም ፈረሙ፤ ቀና ሳይሉ። ማርከር ሦስተኛውን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ፣ አንድ መስመር ጻፈ፣ ገለበጠው።

«ውጤቱን በር ላይ እናነባለን» አለ።

ኪቦርድ ተጫዋቿ መጨረሻ ገብታ ወጣች። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሁሉም ከግቢው በር አጠገብ ተሰበሰቡ። ወላጆችም መጥተዋል። የሎጋው አባት የጋራዥ ቱታቸውን እንደለበሱ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆመዋል። ማርከር ስም አነበበ። አስር ስም። አስረኛው የሎጋው ነበር። አባትየው ልጃቸውን አንገቱን አንቀው ሳሙት፤ ቁመቱ ስላስቸገራቸው ጎትተው ዝቅ አደረጉት። ሎጋው በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ዓይኑ ካውያን ይፈልግ ነበር።

አስራ አንደኛ ስም አልተነበበም።

ልጆቹ ሲበተኑ ማርከር ካውያን ጠራው። እጁ ላይ ትልቅ ፌስታል ነበር። የጥምቀት ቀሚሶቹ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ተጨማደው ይቆዩና በዋዜማው ወደ ካውያ እናት ይላካሉ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በነጻ የምትተኩሳቸው እሷ ናት። አንድም ቀን ከመድረክ ላይ ስሟ ተጠርቶ አያውቅም።

«ለነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እንዲደርሱ» አለ ማርከር። «ቁጥራቸው አስራ አንድ ነው። አንዱን መተኮስ አያስፈልግም፤ የትኛው እንደሆነ ታውቀዋለህ።» ወላጆቹ አጠገብ ናቸው፤ ይሰማሉ። ማርከር ያንን የሐዘኔታ ድምፁን አወጣ። «አይክፋህ። እኔ ከመጀመሪያው ነግሬሃለሁ። በእናት በኩል የመጣ እንዲሁ ነው የሚሆነው። እስቲ ጓደኛህን እይ፤ ግንኙነት ማለት እንደሱ ነው። ከእሱ ተማር።»

ሰዓቱ ሰባት ከአርባ ነበር። ካውያ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሰዓት አይቷል።

ሎጋው ሁለት እርምጃ ላይ ቆሟል፤ ሰምቷል። አፉ ተከፈተ። «እኔ…» አለ። አባቱ፣ «ምን አልክ ልጄ?» ብለው ዞሩ፤ ፊታቸው አሁንም በደስታ ላብ እንደራሰ። ሎጋው አፉን መልሶ ዘጋ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር አሁንም የካውያ ምላስ ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ቢተነፍስ ትወጣለች፤ ማርከርም፣ ሎጋውም፣ በአንድ ላይ ይወድቃሉ። ወላጆቹ ሁሉ ፊት። ካውያ ማርከርን አየው። ሎጋውን አየው። ፌስታሉን ተቀበለና በግቢው በር ወጣ።

መንገዱ ላይ ሎጋው ሮጦ ደረሰበት። ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ለምን አልተናገርክም?»

ካውያ መራመዱን ቀጠለ።

«ነግሬህ አልነበር፣ አባዬን አይተኸዋል… ቆይ እስቲ። ስድበኝ። አንድ ነገር በለኝ።»

ፌስታሉ ከብዶ ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ሎጋው ወደ ፌስታሉ አየ።

«የኔን ቀሚስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን ልታደርገው ነው?»

ካውያ ቆመ። ከቀሚሶቹ ረጅሙ ጫፉ ከፌስታሉ ወጥቶ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ካውያ ጎንበስ አለ፣ ጫፉን ሰበሰበ፣ እንዳይጨማደድ በሁለት አጥፎ መልሶ ከላይ አስገባው። ፌስታሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቀፈ። መንገዱን ተሻገረ።

ከኋላው እርምጃ አልተሰማም። እናቱ ሱቅ ለመድረስ ሁለት መታጠፊያ ይቀራል፤ በሩ ላይ «እሁድ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ምን እንደሚላትም አያውቅም። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ማንም እንደሌለ አየና ድምፁን አወጣ።

«ስማ» አለ። «የት ላይ ነበር ያቆምኩት?»